የቅል እርጎና የነገው ሕክምና፦ የሚባለውና የተረጋገጠው

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረናና በአማራ ሳይንት የገጠር ቀበሌዎች፣ ወተት የሚረጋው ከፋብሪካ በመጣ እርሾ አይደለም። ቅሉ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ወተቱም ይገባበታል። ቀሪውን ሥራ ከላሟ ጡት፣ ከአላቢዋ እጅና ከዕቃው ግድግዳ የመጡ ባክቴሪያዎች ይጨርሱታል። ወደ አባይ በሚወርደው ቆላ ቶሎ የሚረጋ ወተት፣ ብርዱ በሚበረታበት ደጋ ላይ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ቅዝቃዜው የባክቴሪያዎቹን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የትኞቹ ቀድመው እንደሚበዙም ይወስናል። ስለዚህ የአንዱ ቤት እርጎ ከጎረቤቱ እርጎ በጣዕምም በውስጡ ባሉት ሕያዋንም ይለያል።

ይህ የቆየ እውቀት ዛሬ «ፕሮባዮቲክ» ከሚባል ቃል ጋር ተገናኝቷል። ቃሉ በስልክ ቪዲዮና በመድኃኒት ቤት እሽግ ላይ ሲመጣ ብዙ ተስፋ ይዞ ነው፤ እርጎ ጨጓራን ይፈውሳል፣ ተቅማጥን ያቆማል፣ ወደፊት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንጀት ተለክቶ የሚዘጋጅ ሕክምና ይመጣል ይባላል። ከዚህ ሁሉ አንዳንዱ በምርምር የቆመ ነው። አንዳንዱ ግን ሰው የሚጎዳ ስሕተት ነው፤ በተለይ ሕፃናትን።

«እርጎ ሁሉ ፕሮባዮቲክ ነው»

እርጎ ዕድሜ ያረዝማል የሚለው ሐሳብ በሳይንስ መድረክ ከተነሣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1905 (የሚከተሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቡልጋሪያዊው ስታመን ግሪጎሮቭ የአገሩን እርጎ ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች አንዱን ለየ። በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ኢልያ ሜችኒኮቭ ደግሞ የቡልጋሪያ ገበሬዎችን ዕድሜ ከእርጎ ጋር አያይዞ ጻፈ። ሜችኒኮቭ በ1908 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ ሽልማቱን ያስገኘለት ግን ስለ ሰውነት በሽታ መከላከያ ያደረገው ምርምር እንጂ የእርጎው ሐሳብ አይደለም።

ዛሬ ቃሉ ጠበብ ያለ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች በ2001 በአርጀንቲና ኮርዶባ ከተማ ተሰብስበው ሦስት ነገሮችን አስቀመጡ፦ ተሕዋስያኑ ሕያው መሆን አለባቸው፣ መጠናቸው በቂ መሆን አለበት፣ ለሚወስዳቸው ሰው ጤና የሚሰጡት ጥቅም መኖር አለበት። ጥቅሙ የሚረጋገጠው ደግሞ ማንነቱ ተለይቶ በታወቀ ዝርያ ላይ ነው።

የወሎ እርጎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስፈርቶች ያለ ችግር ሊያሟላ ይችላል። በደንብ በረጋ እርጎ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ላክቶኮከስና ላክቶባሲለስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊን የመሰሉ ተመራማሪዎች የእርጎን፣ የስልጆን፣ የአይብንና የጠላን ረቂቅ ሕይወት ለዓመታት አጥንተዋል። የጎደለው ሦስተኛው ነው። ከአንድ ቅል የተገኘ አንድ ዝርያ ተለይቶ፣ ለሰዎች ተሰጥቶ፣ ጥቅሙ ከማይወስዱት ጋር ተነጻጽሮ እስኪታይ ድረስ እርጎው ግሩም ምግብ ነው፤ ፕሮባዮቲክ የሚለውን ስም ግን ገና አላገኘም።

ምግብነቱን ማሳነስ አይገባም። ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋ ሰዎች እርጎ ሲሆን የሚስማማቸው በምክንያት ነው፤ ባክቴሪያዎቹ የወተቱን ስኳር ከፊሉን ቀድመው ይበሉታል፣ የቀረውንም አንጀት ውስጥ ለመፍጨት ያግዛሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ስለ ፕሮባዮቲክ የቀረቡለትን የጤና ማስታወቂያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሲጥል፣ በ2010 የተቀበለው ይህንን የእርጎ ጥቅም ነው። በ2021 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም 36 ጎልማሶችን ለ10 ሳምንት ተከታትሎ፣ የቦኩ ምግቦችን አብዝተው የበሉት ሰዎች የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት እንደበዛና በደማቸው ያሉ የብግነት ምልክቶች እንደቀነሱ አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ተስፋ ይሰጣል።

«የቦካ ሁሉ ሕያው ነው»

እንጀራ ሊጡ ውስጥ እያለ ሕያው ነው። ምጣድ ላይ ከወጣ በኋላ ግን እርሾውም ባክቴሪያውም በእሳቱ ይሞታል። ይህ የመቦካቱን ጥቅም አያጠፋም፤ በሊጡ ውስጥ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ ከጤፉ የሚገኘው ማዕድን ለሰውነት ይቀላል። አይብም አሬራው እሳት ላይ ተጥዶ ስለሚወጣ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች አብረው አይመጡም።

ሕያው ሆኖ ማዕድ ላይ የሚቀርበው ስልጆ ነው። የሱፍ ውኃና የባቄላ ዱቄት ተማስሎ ከበሰለ በኋላ ይቀዘቅዛል፣ ሰናፍጭና ከቀድሞው የተረፈ ስልጆ ይገባበታል፣ ለቀናት ይቦካል፣ ከዚያም እሳት ሳይነካው ይበላል። ሰናፍጩ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም፤ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችን ሲያፍን የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከዓመቱ 180 ቀናትና ከዚያ በላይ ከወተት ተዋጽኦ ለሚጾም ምዕመን፣ እንዲህ ያለ ከጥራጥሬና ከቅባት እህል የተሠራ ሕያው ምግብ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ከገብስ የሚዘጋጀው፣ በሙስሊሙ ቤት የሚወደደው ቃሪቦም ተመራማሪ ሊያየው የሚገባ መጠጥ ነው። ስለ ፕሮባዮቲክ ሲወራ ስሙ የሚነሣው እርጎ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

«ወተት ከረጋ ወዲያ በሽታ የለበትም»

ከእነዚህ እምነቶች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው ማለት ይቻላል።

አሲዱ እውነተኛ መከላከያ ነው፤ የወይራ ጭሱም እንዲሁ። ነገር ግን ወተቱ እስኪኮመጥጥ ጊዜ ይወስዳል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተላላፊ ባክቴሪያም ይባዛል። ሞገሴ አሸናፊ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ሊስቴሪያ የተባለችውን፣ እርጉዞችን ለጽንስ መጨናገፍ የምትዳርግ ባክቴሪያ፣ በሚረጋ ወተት ውስጥ ተከታትለዋታል። የጥናቱ ትምህርት መርጋት ብቻውን አስተማማኝ ጠባቂ እንዳልሆነ ነው። ላሞችን የሚያስወርደው ብሩሴላና የከብት ሳንባ ነቀርሳም በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ብርድ የሚያዘገየው የደጋ እርጎ ደግሞ ይህን ክፍት ጊዜ ያረዝመዋል።

መፍትሔው ቅሉን መጣል አይደለም። ወተቱን አፍልቶ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ጥሩ ሆኖ ከረጋ እርጎ ጥቂት ማንኪያ ጨምሮ በታጠነ ዕቃ ማርጋት ነው። በዚህ መንገድ የሚጀምሩት ባክቴሪያዎች ብዙ ስለሆኑ ወተቱ ቶሎ ይኮመጥጣል። ለእርሾ የሚወሰደው እርጎም ቀድሞ ከፈላ ወተት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥሬው ያለበት በሽታ በማንኪያው አብሮ እንዳይመለስ። አገሩ ከፍታ ላይ ስለሆነ በ2,600 ሜትር ገደማ ውኃ የሚፈላው 100 ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ያም ቢሆን እነዚህን ባክቴሪያዎች ለመግደል ይበቃል።

«ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን እርጎ ያድነዋል»

ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው በአብዛኛው ውኃና ጨው በማሟጠጥ ነው። የሚያድነው በፍጥነት የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ የተባለው በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ አብሮትም የሚታዘዘው የዚንክ እንክብል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ሁለቱ በአንድነት እንዲሰጡ በ2004 መክረዋል። የእናት ጡት አይቋረጥም፣ ምግብም አይከለከልም።

ፕሮባዮቲክስ? በካናዳና በአሜሪካ በድምሩ ከ1,800 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ የተደረጉ፣ በ2018 የታተሙ ሁለት ሰፊ ሙከራዎች ታዋቂ ፕሮባዮቲኮች ለአጣዳፊ ተቅማጥ ምንም የረባ ለውጥ እንዳላመጡ አሳይተዋል። በ2020 ማስረጃውን አሰባስቦ የመረመረው የኮክሬን ግምገማም ወደዚያው አዘንብሏል። በጤና ኬላ ያለውን ኦ.አር.ኤስ ትቶ በእርጎ ወይም በውድ እንክብል መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

በሌላ በኩል፣ ዝርያው በጥንቃቄ ሲመረጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳየችው ሕንድ ናት። በኦዲሻ ገጠሮች ከ4,500 በላይ ጨቅላዎች ላይ በተደረገና በ2017 በታተመ ጥናት፣ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ከባክቴሪያው ምግብ ጋር ለሰባት ቀን የተሰጣቸው ሕፃናት በደም መመረዝ ወይም በሞት የተጎዱት 5.4 በመቶ ሲሆኑ ካልተሰጣቸው ግን 9 በመቶ ነበሩ። ዝርያው የተመረጠው ብዙዎችን በቤተ ሙከራ ከፈተሹ በኋላ ነው፤ ሙከራው የተደረገውም ጊዜያቸው ደርሶ ወይም ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው በተወለዱ ጤነኛ ልጆች ላይ ነው። ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ጨቅላዎች ግን ሕያው ባክቴሪያ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2023 ይህንኑ አስጠንቅቋል። ማንም ወላጅ ኦዲሻን ሰምቶ ለአራስ እርጎ አይስጥ።

«አንዱ ለሁሉ ይሆናል» እና «የራስን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል»

በሰውነታችን ያሉ ባክቴሪያዎች ከሕዋሳታችን አሥር እጥፍ ናቸው የሚለው አባባል በ2016 በተደረገ ስሌት ታርሟል፤ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያና ወደ 30 ትሪሊዮን የሰው ሕዋስ ነው የሚገመተው። ቁጥሩ ቢወርድም የሁለት ሰዎች አንጀት አንድ እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

በእስራኤል የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች 11 ዝርያ ያለበትን አንድ ዓይነት ፕሮባዮቲክ ለፈቃደኞች ሰጥተው በ2018 ውጤቱን አሳወቁ። በአንዳንዶቹ አንጀት ባክቴሪያዎቹ ተቀመጡ፣ የሌሎቹ አንጀት ግን አልቀበልም አለ። ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በኋላ የተሰጣቸው ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ባክቴሪያ ወደ ቦታው እስኪመለስ ከሌሎቹ ይልቅ ዘገየ። ቶሎ ያገገሙት ከመድኃኒቱ በፊት የተቀመጠ የራሳቸው ሰገራ ተጣርቶ የተመለሰላቸው ነበሩ። ለሰው ተለክቶ የሚዘጋጅ ሕክምና የሚለው ተስፋ ጠንካራ መሠረት ያገኘው ከዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ይህ ግን በቤት የሚሞከር አይደለም። በ2019 በአሜሪካ በደንብ ያልተመረመረ የሰገራ ንቅለ ተከላ የተደረገለት አንድ ታካሚ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ሞቷል። በዚያ አገር ለአንድ ከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን በ2022 እና በ2023 የጸደቁት ከሰገራ የተሠሩ ሁለት መድኃኒቶች ለጋሾቻቸው በጥብቅ የሚመረመሩ ናቸው።

«ከውጭ የመጣው ይበልጣል»

በዓለም ላይ በብዛት ከተጠኑት ፕሮባዮቲኮች አንዱ በ1983 በአሜሪካ ቱፍትስ ዩኒቨርሲቲ ከጤነኛ ሰው አንጀት የተለየው ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ ነው። የባለቤትነት መብቱ ዘመን ሲያልፍ፣ «ዮባ ፎር ላይፍ» የተባለ የኔዘርላንድስ ድርጅት ያንኑ ዝርያ በአነስተኛ ከረጢት አዘጋጅቶ ለኡጋንዳ አነስተኛ እርጎ አምራቾች አቀረበው። ሴቶች በየሰፈራቸው በከሰል ምድጃ ወተት እያፈሉ የታወቀ ዝርያ ያለበት እርጎ ይሸጣሉ። በታንዛኒያዋ ሙዋንዛ ከተማም በ2004 ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሯል። ሁለቱም ትልቅ ፋብሪካ ሳይጠብቁ የተጀመሩ ናቸው፤ መካነ ሰላም ላይ የማይቻል ነገር የለባቸውም።

ሌላው መንገድ ባክቴሪያ መስጠት ሳይሆን ያሉትን መመገብ ነው። በባንግላዴሽ ዳካ ከተማ የሚርፑር ሰፈር ታህሚድ አህመድና ጄፍሪ ጎርደን የመሯቸው ተመራማሪዎች፣ ከሽምብራ፣ ከለውዝ፣ ከአኩሪ አተርና ከአረንጓዴ ሙዝ ዱቄት አንድ ምግብ ቀምረው በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ሰጡ። በ2021 በታተመው ውጤት፣ ይህ ምግብ ካሎሪው ከተለመደው ተጨማሪ ምግብ ያነሰ ሆኖ ሳለ ልጆቹ የተሻለ ክብደት ጨምረዋል። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ሽምብራና ባቄላ በሚዘራበት አገር እንዲህ ያለ ቀመር መፈለግ ከማንኛውም ውድ እንክብል ይልቅ ቀዳሚ ሥራ ነው።

በአገር ውስጥ ከእርጎና ከሌሎች የቦኩ ምግቦች ባክቴሪያ መለየት ከተጀመረ ቆይቷል፤ አብዛኛው ሥራ ግን አሲድንና ሐሞትን ይቋቋማሉ ወይ ከሚለው የቤተ ሙከራ ጥያቄ አልተሻገረም። ወደ ሰው ሙከራ የሚያደርሰው መንገድ ዘረ መልን ማንበብን፣ የመድኃኒት መላመድ እንደማያስተላልፉ ማረጋገጥን፣ ከዚያም የዓመታት ክትትልን ይጠይቃል። መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲና ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከየቀበሌው እርጎና ስልጆ መሰብሰብ፣ ማን እንዴት እንዳረጋው ጭምር መመዝገብና በአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ማስቀመጥ ይችላሉ። ቅል በፕላስቲክ ጀሪካን በተተካ ቁጥር ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፍ የመጣው የባክቴሪያ ዘር አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ሥራው ቢዘገይ ይጎዳል።

የባለቤትነቱ ጉዳይም ከወዲሁ ይታሰብበት። የጤፍ ዱቄት አሠራር በአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ስም ተመዝግቦ፣ የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን እስከሰረዘበት 2018 ድረስ ዓመታት ወስዷል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ ደንግጋለች፤ አዋጁ ረቂቅ ተሕዋስያንንም ይመለከታል። ስለዚህ ለምርምር ብሎ እርጎ ወይም የስልጆ እርሾ ሊወስድ የሚመጣ ሰው ካለ፣ የቤቱ እመቤት መጀመሪያ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱን ፈቃድ አሳየኝ ትበል፤ ስሟና አሠራሯ እንዲመዘገብም ትጠይቅ።