ከደንገጎ የሚወርድ ውኃ

ድሬዳዋ ውስጥ በውኃ ሥራ የተሰማራ ሰው የእምነት ጥያቄ ሳይቀርብለት አይውልም። ፈረቃው ሲዘገይ እናቶች ባዶ ጀሪካናቸውን በር ላይ ደርድረው "ልጄ፣ እግዜር ረሳን እንዴ?" ይሉኛል። የፓምፑን ጉዳይ እመልሳለሁ፤ ተቃጥሏል፣ ወይ መብራት የለም እላለሁ። ስለ እግዜሩ የምለውን ግን ያገኘሁት ከጉድጓዶቹ ነው።

የደቻቱን ወንዝ በበጋ ያየ እንግዳ ድልድዩ ለምን እንዳስፈለገ አይገባውም፤ የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። የምንጠጣው ከሥር ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው በደንገጎና በአካባቢው ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በጎርፍ ይወርዳል፤ ከፊሉ ደግሞ በኖራ ድንጋዩና በአሸዋ ድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከተማችን ቀስ ብሎ ይመጣል። የድሬ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ የሚሆነው ውኃው ኖራውን ይዞ ስለሚመጣ ነው። አሮጌ ቧንቧ ስንቆርጥ ቅርፊቱ ጠጥሮበት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ቀርታ እናገኛለን። ሰው ይማረርበታል፤ እኔም መፍቻ ይዤ ስታገለው እማረራለሁ። ዞሮ ዞሮ ግን የመጣበት መንገድ ደረሰኝ ነው። ዛሬ ከሳቢያን ጉድጓድ የሚወጣው ውኃ እናቶቹ ከመለመናቸው ብዙ ቀድሞ የዘነበ ነው።

ፓምፑን አቁመን መለኪያ ገመዱን ወደ ጉድጓዱ እንለቃለን። ጫፉ ውኃ ሲነካ ይጮኻል። ትንሽ ቆይተን ስንደግመው ከቅድሙ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይጮኻል፤ ጨለማ ውስጥ እየሞላ ነው። የሚሞላው ግን ፓምፑ ሲያርፍ ነው። ቀን ከሌት ከሳብነው እየሸሸ ይሄድና ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። መናውን ለነገ ያሳደሩት እስራኤላውያን ትል ያገኙበት ታሪክ ለእኛ ሙያ የተጻፈ ይመስለኛል። በእኔ ግምት በእግዚአብሔር መታመን የሚከብደው ሲለምኑ አይደለም፤ ሰው "ጨምሩ!" እያለ ሲጮህ ማብሪያውን ማጥፋት ነው የሚከብደው።

ሐረር ለብዙ ዓመታት የሐሮማያን ሐይቅ ስትጠጣ ኖራለች። ሐይቁ ደረቀ። ለመስኖም ለከተማም ያለ ልክ ተስቧል፣ ደለልም ሞልቶታል። ከዚያ በኋላ ለሐረር ከደረሱላት አንዱ ከእኛ ቆላ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፣ ዳገቱን በፓምፕ እየተገፋ የሚወጣው ውኃ ነው። ኤልያስ ይጠጣበት የነበረው የኮራት ፈፋ ሲደርቅም እግዚአብሔር ፈፋውን መልሶ አልሞላለትም፤ ራሷ የቸገራት መበለት ጋ፣ ወደ ሰራፕታ ነው የላከው። ለቆላ ሰው ደጋውን ማጠጣት ያልተለመደ ሹመት ነው! ሐሮማያም ከዓመታት በኋላ ዳግም ውኃ ይዟል።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊቱን ግን ዘልዬ ስለ መግቦት ማውራት አልችልም። ያው የተራራ ዝናብ ነው በደቻቱ ወርዶ ከ250 በላይ ሰው የፈጀው። "ለበጎ ነው" ሲባል ሰምቻለሁ፤ አልዋጥ ብሎኛል። ልጇን ጎርፍ ለወሰደባት እናት አብሬ ከመቀመጥ ሌላ የምላት የለኝም።

ስለ መሬቱ ግን የምለው አለኝ። ራቁቱን የቀረ ተዳፋት ዝናቡን አይዝም፣ ይለቀዋል። እርከን የተሠራበት ያዘገየዋል፤ ያ የዘገየ ውኃ ጎርፍ ከመሆን ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ላይ ቤት ያለው ገበሬ እርከኑን የሚክበው ለማሽላውና ለጫቱ ነው፤ ሳቢያን ውስጥ ማን ቧንቧ እንደሚከፍት አያውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅበትም። "የዕለት እንጀራችንን ስጠን" ብዬ ስጸልይ መልሱን ይዞ የሚመጣ መልአክ ጠብቄ አላውቅም፤ የሚታየኝ የዚያ ሰውዬ ዶማ ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሙስሊም ነው፤ እሱም በዚህ ከእኔ አይለይም።

የሐምሌው ቁልቢ ገብርኤል ዝናብ አያጣውም። ከድሬ ደንገጎን ስንወጣ መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ ስለ ጭቃው ያማርራል። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እርከኖቹን አያለሁ። የተናደ ካየሁ ከንግሡ ስመለስ ለአካባቢው የግብርና ባለሙያ እደውላለሁ።