ሸራ ሥር ያለው ቲማቲም ይተነፍሳል

ከባቱና ከመቂ ማሳዎች የተነሣ ቲማቲም አዲስ አበባ ለመግባት በሞጆ በኩል ያልፋል። የሐዋሳው መንገድ ከአዳማው ጋር የሚገጥመው እዚህ ስለሆነ ቲማቲሙ፣ ቃሪያውና ጥቅል ጎመኑ በአይሱዙ ተጭኖ በከተማዋ ደጃፍ ያልፋል። የእንጨት ሳጥኑ እስከ ላይ ይደረደራል፣ ሸራ ይለብሳል፣ በገመድ ይጠፈራል። ሸራው ከፀሐይና ከአቧራ ይከላከላልና ማልበሱ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው አንዳች የአየር መግቢያ ሳይተውለት ጥፍር አድርጎ ማሰር ነው። ለምን ሲባል የሚሰጠው መልስ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ ከተለቀመ በኋላ በድን ነው፣ አየር ምን ያደርግለታል?

የዚህ እምነት ሥር ያለው ማሳው ላይ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ነው። ለፈተና የሚሸመደደው ማጠቃለያ ነገሩን በሁለት ዓምድ ይከፍለዋል፤ በአንዱ «ዕፅዋት ፎቶሲንተሲስ ያካሂዳሉ»፣ በሌላው «እንስሳት ይተነፍሳሉ» ይላል። ተማሪው ሠንጠረዡን በቃሉ ይዞ ያልፋል። ኋላ ነጋዴ ወይም ገበሬ ሲሆን ቃሪያ ትንፋሽ አለው ቢሉት ይስቃል። ሠንጠረዡን በየዓመቱ ሳያርሙ እያባዙ የሚሸጡ ግን አያስቁም።

እውነታው እንዲህ ነው። በፎቶሲንተሲስ አረንጓዴው የተክል ክፍል በፀሐይ ብርሃን ኃይል ውኃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አዋሕዶ ስኳር ይሠራል፣ ኦክስጅን ይለቃል። ሥራው የሚካሄደው ክሎሮፕላስት በሚባለው የሕዋስ ክፍል ነው። ትንፋሽ የምንለው ሴሉላር ሬስፒሬሽን ደግሞ ያንኑ ስኳር በኦክስጅን አማካይነት እያፈረሰ ሕዋሱ የሚኖርበትን ኃይል ያወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሙቀት ይተርፋሉ። ይህ በአብዛኛው የሚካሄደው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሲሆን፣ ማይቶኮንድሪያ ለሰውም ለበሬም ለቲማቲምም አለ። የመጀመሪያው ብርሃን ይፈልጋል። ሁለተኛው ቀንም ሌሊትም፣ በቅጠልም በሥርም በፍሬም ውስጥ ሕዋሱ እስኪሞት አይቋረጥም።

ሳጥን ውስጥ የገባው ቲማቲም እንግዲህ ደመወዙ ቆሞ ቁጠባውን እየበላ የሚኖር ሰው ነው። ቅጠሉ ስኳር አይልክለትም፣ ሥሩ ውኃ አይስብለትም። የያዘውን ስኳርና አሲድ ግን በየሰዓቱ ያቃጥላል።

የሚያቃጥለውም ዋዛ አይደለም። 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ 192 ግራም ኦክስጅን ይፈጃል፤ 264 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 108 ግራም ውኃ ይወጣዋል። የሚለቀቀው ኃይል 2,800 ኪሎ ጁል ገደማ ነው፤ 8 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ሕዋሱ ከዚህ ከፊሉን ኤቲፒ በሚባል ሞለኪውል አድርጎ ይሠራበታል፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ ፍጥነቱ ነው፤ የአትክልቱ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የትንፋሹ ፍጥነት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያድጋል። የሞቀ ይበልጥ ይተነፍሳል፣ ይበልጥ የተነፈሰ ይበልጥ ይሞቃል።

ለሸራው ፍርድ ሲሰጥ ግን ማጋነን አይገባም። ከመቂ አዲስ አበባ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ቲማቲሙ በትንፋሹ ብቻ አይበስልም። ትልቁ ሙቀት ከማሳ ይዞት የመጣው ነው። እኩለ ቀን ላይ የተለቀመ፣ መኪና እስኪመጣ ማሳ ዳር የዋለ፣ ከዚያ ሸራ የለበሰ፣ ገበያ ደርሶም ሳይራገፍ ያደረ ጭነት ሰዓቱ ሲደመር ነው ጉዳቱ የሚታየው። የተበላሸው ስንቱ በሙቀት፣ ስንቱ በሳጥኑ ሻካራ እንጨት፣ ስንቱ በሻጋታ እንደሆነ ለይቶ መናገርም ከባድ ነው፤ ሦስቱ ይረዳዳሉ።

ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። የጭነቱ ነገር ግን ቦታ በመቀየር አልተቀየረም። ሸራው ሲገለጥ ዳር ዳሩን ሳይሆን መሐል ያለውን ሳጥን በእጅ መዳሰስ ነው። እንጨቱ ረጥቧል፣ ቲማቲሙ ላይ ላብ አለ፣ ሙቀቱም ከዳሩ ይበልጣል። አየር ጨርሶ ከታፈነ ደግሞ የእርሾ ሽታ ይመጣል። ኦክስጅን ያጣ ሕዋስ ስኳሩን ወደ አልኮል መለወጥ ይጀምራልና።

በማቀዝቀዣ ኮንቴነር ወደ አውሮፓ የሚላክ አቮካዶም ምስጢሩ ይኸው ነው። ቅዝቃዜው ፍሬውን ለመግደል አይደለም፤ ትንፋሹን ለማዘግየት ነው። አቮካዶ ከፍሬዎች ሁሉ በብርቱ ከሚተነፍሱት አንዱ ነው። ቀይ ሽንኩርት በተቃራኒው አንገቱ በደንብ ከደረቀ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ለዚህም ነው ወራት የሚቆየው። ሁለቱን በአንድ ዓይነት አያያዝ መጫን ኪሳራ ነው።

ማቀዝቀዣ ለሌለው ገበሬ የሚሆነው መላ ርካሽ ነው፦ ጠዋት በማለዳ መልቀም፣ ማሳ ዳር ዳስ ጥሎ ጥላ ውስጥ ማቆየት፣ በሳጥኖቹ መካከል የአየር መተላለፊያ መተው፣ ሸራውን ከላይ ወጥሮ ከጎን መክፈት። እህልም ቢሆን ያው ነው። በቆሎ እርጥበቱ ከ14 በመቶ በላይ እያለ ጆንያ ውስጥ ከገባ ዘሩ ራሱ፣ ነቀዙና ሻጋታው አብረው ይተነፍሳሉ። ከትንፋሻቸው የሚወጣው ውኃና ሙቀት ደግሞ መልሶ ሻጋታውን ያረባል።

በፍትሕ ለመናገር፣ «ዕፅዋት አይተነፍሱም» የሚለው ከባዶ የመጣ አይደለም። ጠራራ ፀሐይ ላይ ያለ ቅጠል ሲተነፍስ ከሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ እጥፍ ለፎቶሲንተሲስ ስለሚያስገባ፣ ከውጭ ለሚመለከተው የሚታየው ኦክስጅን ሲወጣ ብቻ ነው። ትንፋሹ ይሸፈናል እንጂ አይቆምም። ያን ሽፋን የገለጠው የኔዘርላንድ ተወላጁ ሐኪም ያን ኢንገንሃውስ ነው። ዕፅዋት አየርን የሚያጠሩት በብርሃን ብቻ እንደሆነ፣ በጨለማ ግን እንደሚያበላሹት እ.ኤ.አ. በ1779 ባሳተመው መጽሐፍ አሳየ።

ከዚያው ግኝት ሌላ ፍርሃት ተወለደ፤ ተክል ያለበት ክፍል ውስጥ ወይም ዛፍ ሥር ያደረ ሰው አየር አጥቶ ይሞታል የሚል። አይሞትም። አንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ የሳሎን አበባ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወጣው ከዚህ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ተክል የሚያስፈራው ከሆነ ከጎኑ የተኛው ወንድሙ ይበልጥ ያስፈራው። ተዘግቶ በተተኛበት ቤት ሰው የሚገድለው የከሰሉ ምድጃ ነው፤ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ እንኳ የለውም።

«ውኃው አረንጓዴ ከሆነ ኦክስጅን ሞልቶታል» የሚለው ደግሞ በቆቃ ላይ ይሰማል። የሞጆ ወንዝ የሚገባበት ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በአረንጓዴ ደቂቅ ሕዋሳት መሸፈኑ የታወቀ ነው። ቀን ላይ እውነትም ኦክስጅን ይለቃሉ። ሌሊት ግን እነሱም፣ የሞቱትን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎችም ያንኑ ኦክስጅን ይስባሉ፤ ስለዚህ እንዲህ ባለ ውኃ ዓሣ ከታፈነ የሚታፈነው ሊነጋ ሲል ነው። ከእነዚህ ሕዋሳት መርዝ የሚያመነጩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ ቆቃ መታየቱ የተመዘገበው እንቦጭም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ቅጠሉ ኦክስጅኑን ለአየር ይሰጣል፣ ለውኃው የሚሰጠው ጥላ ነው።

በፎቶሲንተሲስ የሚለቀቀው ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገንጥሎ የሚወጣ የሚመስላቸውም አሉ። ከውኃው ነው የሚወጣው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1941 በከባድ ኦክስጅን ተፈትኖ ታይቷል።

«ተክል ውኃ ካገኘ አየር አይፈልግም» የሚለውን የሞጆ ዙሪያ ገበሬ ከማንም ቀድሞ ትቶታል። በሎሜና በአድአ ጥቁር አፈር ላይ የክረምቱ ውኃ ሲተኛ የአፈሩ ቀዳዳ ሁሉ ይሞላል፣ ሥር የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያጣል፣ ቡቃያው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ስለዚህ ሽምብራ በሐምሌ አይዘራም፤ ውኃው እስኪሸሽ ተጠብቆ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ በቀረው እርጥበት ይዘራል።