መሬት ሰጥተው ሕግ ያጡት አስተዳዳሪ

የጉናን ተራራ ተንተርሶ ገብስ፣ ስንዴና ድንች የሚያመርተው የደቡብ ጎንደር አርሶ አደር ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አጥብቆ የሚጠብቀው አንድ ደብተር አለ፤ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር። የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ፣ የማሳው ስፋትና አዋሳኞቹ ሰፍረውበታል። ድንበር ሲገፋ፣ ውርስ ሲያከራክር፣ መሬት ሲከራይ ቀድሞ የሚወጣው ይኸው ደብተር ነው።

አራሹ በሚያርሰው መሬት ላይ ያለው መብት በሕግ እንዲጻፍለት ብዙዎች ደክመዋል። ከእነዚህ መካከል ጥያቄውን ገና በ1940ዎቹ መጨረሻ በተግባር ያነሱ አንድ የአውራጃ አስተዳዳሪ ይገኙበታል። የሚገርመው ከጭሰኛ ወገን አለመሆናቸው ነው። ሰውየው በሥርዓቱ ከተጠቀሙት የሸዋ መኳንንት ወገን የተወለዱት ገርማሜ ንዋይ ናቸው።

ገርማሜ በ1916 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። የመጡበት የሞጃ ቤተሰብ ከቤተ መንግሥቱ ጋር የቆየ ትስስር ያለው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው መንግሥቱ ንዋይ በውትድርናው ገፍተው የክቡር ዘበኛ አዛዥና ጄኔራል ለመሆን በቅተዋል። ገርማሜ ግን ትምህርትን መረጡ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ፣ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሠሩ።

በኮሎምቢያ ለመመረቂያ የመረጡት ርዕሰ ጉዳይ የኋላ ሕይወታቸውን ያመላከተ ነበር። ጥናታቸው ነጭ ሰፋሪዎች በኬንያ የተከሉት የመሬት ፖሊሲ ያስከተለውን ጉዳት ይመረምራል። በኬንያ ለም የሆነው ደጋ መሬት ለአውሮፓውያን ብቻ ተከልሎ፣ የአገሬው ሰው በገዛ መሬቱ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ጥናቱ በተጻፈባቸው ዓመታት የኬንያ ገበሬዎች የማው ማው ዐመፅን አንስተው ከእንግሊዝ ጋር ይፋለሙ ነበር። መሬት ያጣ አራሽ ምን ዓይነት ቁጣ ውስጥ እንደሚገባ ገርማሜ ከዚያው አጥንተው ተመለሱ።

በ1946 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥራ ጀመሩ፤ ቆየት ብለውም የወላይታ አውራጃ አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ። የወላይታ የመሬት ሁኔታ ከቤጌምድር የተለየ ነበር። በደብረ ታቦርና አካባቢው ገበሬው ርስቱን ከአባቱም ከእናቱም ወገን ይወርሳል፤ ለጉልተኛው ግብር ቢከፍልም፣ በርስት ክርክር ዘመኑን ቢፈጅም፣ የመሬቱ ባለ መብት መባሉ አይቀርም። ወላይታ ግን በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ብዙው መሬት ለሹማምንትና ለወታደሮች በመሰጠቱ፣ ነባሩ ገበሬ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆኗል። እኩል አራሽ የምርቱን ግማሽ፣ ሲሶ አራሽ አንድ ሦስተኛውን፣ እርቦ አራሽ አንድ አራተኛውን ለባለ መሬቱ ይሰፍራል። ባለ መሬቱ ሲፈልግም ያስነሣዋል።

አዲሱ አስተዳዳሪ መንገድና ድልድይ አሠሩ፤ በጉቦ የተበላሸውን አሠራር ለማረም ተነሡ። ከሁሉም በላይ የተነጋገሩበት ግን በእጃቸው ባለው ሥልጣን ሥራ ላይ ያልዋለ የመንግሥት መሬት ለመሬት አልባ ገበሬዎች እንዲሰጥ ማድረጋቸው ነው። በዘመኑ የመንግሥት መሬት በስጦታ ይታደል ነበር፤ በአብዛኛው ይደርስ የነበረው ግን ለባለ ሥልጣናትና ለወታደሮች ነው። ገርማሜ ያንን አሠራር ወደ ገበሬው አዞሩት።

ባለ መሬቶቹ ዝም አላሉም። አቤቱታቸው ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ ገርማሜም ከወላይታ ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። በዚያም ለአርብቶ አደሩ ውኃ፣ ትምህርት ቤትና ሕክምና ለማዳረስ ቢጥሩም በቂ አቅም አላገኙም።

ከዚህ ሁሉ የደረሱበት መደምደሚያ በሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ሥርዓቱን ማሻሻል አይቻልም የሚል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከጄኔራል መንግሥቱና ከሌሎች ባለ ሥልጣናት ጋር የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። የምድር ጦርና አየር ኃይል ከንጉሡ ጎን በመቆማቸው ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። በዚያ መካከል በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት መካከል ራስ አበበ አረጋይን ጨምሮ በርካታ ሹማምንት በጥይት ተገደሉ። ይህ ደም የገርማሜን ስም ሲያነሡ ተለይቶ የማይቀር ጠባሳ ነው። ታኅሣሥ 15 ቀን በሞጆ አቅራቢያ ተከበው ሕይወታቸው አለፈ፤ አስከሬናቸውም አዲስ አበባ ውስጥ ለሕዝብ እይታ ተሰቀለ። ጄኔራል መንግሥቱ ለፍርድ ቀርበው መጋቢት 21 ቀን በስቅላት ተቀጡ።

ሰውየው ቢሞቱም ጥያቄው አልሞተም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታን የሚመለከት ሚኒስቴር ቢቋቋምም፣ የጭሰኛውንና የባለ መሬቱን ግንኙነት ለማስተካከል የተረቀቁት ሕጎች በፓርላማው ሳይጸድቁ ቀሩ፤ ከተወካዮቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ መሬቶች ነበሩና። የጭሰኝነት ሥርዓት ያበቃው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ነው። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ከለከለ። የቤጌምድርም ርስትና ጉልት በዚያው ታሪክ ሆነ።

ይሁንና ጭሰኝነት መቅረቱ ብቻውን ለገበሬው ዋስትና አልሆነም። በየጊዜው የሚመጣው ሽግሽግ፣ በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የተካሄደውን ጨምሮ፣ «ነገስ መሬቱ የእኔ ይሆናል ወይ?» የሚል ስጋት አሳድሮበታል። ዛፍ ለመትከልም ሆነ እርከን ለመሥራት ልቡ የሚቆርጠው መሬቱ ነገም በእጁ እንደሚቆይ ሲያምን ነው። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 46ን፣ በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 133ን፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 252ን አውጥቶ ይዞታ በመዝገብና በደብተር እንዲረጋገጥ ያደረገው ለዚህ ነው። የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ከባል ጎን መስፈሩም ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ ሴቷ ባዶ እጇን እንዳትወጣ ያግዛታል።

የገርማሜ ሕይወት ለዛሬው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ የሚተወው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በወላይታ ገበሬው መሬት ያገኘው አስተዳዳሪው ደፋርና ቅን ስለነበሩ ነው፤ ጭሰኛውን ከመፈናቀል የሚጠብቅ ሕግ ግን ከኋላቸው አልነበረም። አስተዳዳሪው ሲዛወሩ ገበሬው የቆመለትን ሰው አጣ። በሕግ ያልጸና መብት ሹመኛ በተለወጠ ቁጥር ለጥያቄ ይጋለጣል።

ዛሬ በደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች የአባት ማሳ ለልጆች እየተከፋፈለ ጠቧል፤ መሬት የሌለው ወጣት በርክቷል። ለወጣቱ የወል መሬትም ሆነ ባለቤት የሌለው ይዞታ ሲሰጥ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት መሬቱ በማን መዝገብ፣ በየትኛው ደንብ እንደሰፈረ ነው። ደብተሩ በእጁ ከሆነ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢቀየርም ማሳው አብሮ አይቀየርበትም።