ለአሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም

የበጋ መስኖ ሲጀመር በፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ዳርቻ በውኃ መሳቢያ ሞተር ድምፅ ይሞላል። ሩዝ ከተነሣበት ማሳ ላይ ሽንኩርት ይተከላል። የሽንኩርት ሥር አጭር በመሆኑ ውኃ ሲቋረጥበት ቶሎ ይጎዳል። በዚህ ወቅት ሞተር ነክሶ ከቆመ አርሶ አደሩ የሚያጣው የጥገና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሞተር ተከራይቶ ወይም ተውሶ ተራ እስኪደርሰው ማሳው ይደርቃል።

ከሞተሮቹ ብዙዎቹ ዓመታት የሠሩ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ ናቸው። ሰማያዊ ጭስ ማጨስና ዘይት መብላት ሲጀምሩ ቀድሞ የሚታሰበው መፍትሔ ወፍራም ዘይት መጨመር ነው። ሐሳቡ ከመሠረቱ ስሕተት አይደለም። የፒስተን ፋሻ ሲበላ ክፍተቱ ስለሚሰፋ ወፈር ያለ ዘይት ለጊዜው ጭሱን ይቀንሳል፣ ድምፁንም ያረግባል። የተበላውን ብረት ግን አይመልስም።

ችግሩ የሚብሰው በአነስተኛ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ነው። አብዛኞቹ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ የላቸውም። ከታች የተጠራቀመውን ዘይት እየዛቀ ወደ ላይ የሚረጨው ማንኪያ መሰል ብረት ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ከወፈረ፣ በተለይም በማለዳ ሞተሩ ሲነሣ፣ ርጭቱ በቶሎ አይዳረስም፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል። በወንዝ ዳር አዘንብሎ የተቀመጠ ሞተርም ትክክለኛ ዘይት ይዞ ሳለ ለዚሁ ጉዳት ይጋለጣል። ስለዚህ ከዘይቱ ምርጫ እኩል ሞተሩን የሚያስቀምጡበትን ቦታ መደልደል ያስፈልጋል።

በዘይት ዕቃው ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ከባድ አይደለም። "10 ደብሊው 30" ከተባለ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ ያመለክታል። ቁጥሩ ሲጨምር ዘይቱ ይወፍራል። ብቻውን "40" የተባለና "15 ደብሊው 40" የተባለ ዘይት ሞተሩ ከጋለ በኋላ በውፍረት አንድ ደረጃ ናቸው። የሚለያዩት በብርድ ነው። በመተማ ቆላ ለአሮጌ ትራክተር ባለ አንድ ቁጥሩ 40 ሊሠራ ይችላል፤ ያው ዘይት በኅዳርና በታኅሣሥ በደብረ ብርሃን ንጋት ሞተሩን ያስቸግራል። እዚያ 15 ደብሊው 40 ይሻላል።

ለአነስተኛ የቤንዚን ፓምፕ የተለመደው 10 ደብሊው 30 ነው፤ በሞቃት አካባቢ ባለ አንድ ቁጥሩ 30ም ይሆናል። የአምራቹ መመሪያ ካለ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሱ ነው። ዘይት የሚበላ አሮጌ ሞተር ከሆነ፣ መመሪያው ከፈቀደ፣ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ከ30 ወደ 50 መዝለል አያስፈልግም። ጭሱ ካልቆመ የሚያስፈልገው መካኒክ እንጂ ሌላ ዘይት አይደለም። በዕቃው ላይ በ"ሲ" የሚጀምረው ምልክት ለናፍጣ፣ በ"ኤስ" የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር መሆኑንም ማየት ይገባል።

ከውፍረቱ ይልቅ ብዙ ሞተር የሚጎዳው ዘይት ሳይቀየር ሲቆይ ሳይሆን አይቀርም። 5 ወይም 6 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር የሚይዘው ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ በአብዛኛው በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። በቀን 6 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 100 ሰዓት የሚሞላው በ17 ቀን ነው። አንድ የሽንኩርት ወቅት በአንድ ዘይት አይዘለቅም። ሞተር ማስነሻው አጠገብ የሰዓት መዝገብ የሚሆን ደብተር ማንጠልጠል ወጪ የለውም።

ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚቀረው ሥራ አቅርቦቱ ላይ ነው። ከጀሪካን እየተቀዳ በሊትር የሚቸረቸር ዘይት ቁጥሩ አይታወቅም፤ አርሶ አደሩም የሚመርጠው በቀለሙና በውፍረቱ ብቻ ይሆናል። ማኅበራቱ ለመስኖ ወቅት ማዳበሪያና ዘር ሲያዘጋጁ በአካባቢው ላሉት ሞተሮች የሚስማማ፣ ዕቃው የታሸገና ቁጥሩ የሚነበብ ዘይትም አብረው ቢያቀርቡ ይቻላል። የተቀየረው አሮጌ ዘይት ደግሞ በጀሪካን ይጠራቀም እንጂ ከወንዙ ዳር አይደፋ፤ ፓምፑ የሚስበው ያንኑ ውኃ ነው።