«በየዙሩ ስድስት»፦ ስለ ዳንቴል፣ ስለ ድፎ ዳቦና ስለ እጅ ትዝታ



የዚህ ንግግር ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ «ስሕተት ሳይፈጠር አልቀረም፤ በሒሳብ ትምህርት ክፍል ስም ሥር ዳንቴል የሚል ቃል ገብቷል» ብሎኛል። ስሕተት አይደለም። ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ዛሬ የማወራው ግን እናቴ ስትሠራው ስለኖረችው የእጅ ሥራ ነው። ንግግሬ ወደ ሒሳብ መግባቱ ስለማይቀር ተማሪዎቼ አትከፉ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ሒሳብ የተማርኩት ከዳንቴል ለማምለጥ ነው። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በየቤቱ ዳንቴል ያላረፈበት ዕቃ አልነበረም። ራዲዮኑ ዳንቴል ይለብሳል፤ የሶፋው መደገፊያ ይለብሳል፤ ቡፌው፣ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ቴሌቪዥኑ ሳይቀር ይለብሳል። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ እናቶች ለቡና ሲሰበሰቡ ኪሮሻቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ወሬው አይቋረጥም፤ እጃቸውም አይቋረጥም። እናቴ በዚያን ጊዜ ጠርታ «ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ በየዙሩ ስድስት ነው፤ ሌላው ቀላል ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የቤት ሥራ እንዳለብኝ ነግሬአት ወደ ጓዳ እገባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሥራ አልነበረብኝም። የተማረች ሴት መሆንና ዳንቴል መሥራት አብረው የማይሄዱ ይመስሉኝ ነበር፤ ያን ጊዜ እንዲህ የምናስብ ብዙዎች ነበርን። ስለዚህ «በየዙሩ ስድስት» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ፣ ለምን ስድስት እንደሆነ ሳልጠይቅ ዶክትሬቴን ጨረስሁ።

ለምን ስድስት ሆነ? ክብ ዳንቴል ከመሐል ይጀምራል። በመጀመሪያው ዙር ስድስት ትናንሽ የክር ቀለበቶች ይሠራሉ፤ በሁለተኛው አሥራ ሁለት፣ በሦስተኛው አሥራ ስምንት እያለ ይቀጥላል። ክብ ነገር በዙሪያው አንድ እርከን ሲጨመርለት፣ የዙሪያው ርዝመት የእርከኑን ቁመት በሁለት ፓይ አባዝተን በምናገኘው መጠን ያድጋል። ሁለት ፓይ 6.28 ገደማ ነው። እናቴ የምትሠራው አጭሩን ቀለበት በመሆኑ ቁመቱና ወርዱ እኩል ሊባል የሚችል ነው። እንግዲህ ዳንቴሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንዲተኛ በየዙሩ ስድስት ያህል ቀለበት መጨመር ግድ ይላል። የቀረችውን 0.28 የክሩ ልስላሴ ይሸፍናታል። እናቴ ፓይን አታውቅም፤ ዳንቴሏ ግን አንድም ቀን ተቆልምሞ አያውቅም።

ከስድስት ያነሰ ከተጨመረስ? ዙሪያው ለስፋቱ ስለሚያጥረው ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣና እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ይሆናል፤ ኮፍያ የሚሠራው እንዲህ ነው። አያቴ ስፌት ስትሰፋ ያደረገችውም ይኸው ነበር። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች በወስፌ ስታያይዝ፣ ለሰፌድ ዙሩን ታላላዋለች፤ ለመሶብ ክዳን ታጠብቀዋለች። ከስድስት በላይ ከተጨመረ ደግሞ ዙሪያው ቦታ ይጠበውና ጠርዙ ሽንሽን ይሆናል። ያ ሽንሽን እናቴ ለፎቶግራፍ ማስቀመጫ የምትሠራው ጌጥ ነበር። በእኛ ሙያ ግን ሌላ ስም አለው።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ዩክሊድ ከጻፋቸው መነሻዎች አምስተኛው፣ ዛሬ በምናስተምርበት አገላለጽ፣ ከአንድ መስመር ውጭ ባለ ነጥብ በኩል ለዚያ መስመር ትይዩ የሚሆን አንድ መስመር ብቻ ይሰመራል ይላል። ብዙ ሊቃውንት ይህን ከሌሎቹ መነሻዎች ለማረጋገጥ ለዘመናት ደክመው አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1829 ሎባቼቭስኪ፣ በ1832 ደግሞ ቦልያይ፣ ከአንድ በላይ ትይዩ መስመሮች የሚሰመሩበት ሌላ ጂኦሜትሪ ሊኖር እንደሚችል አሳዩ። ዛሬ ሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪ እንለዋለን። ችግሩ በዓይን ማየቱ ነበር። ዊልያም ተርስተን ከወረቀት ቁራጮች እያጣበቁ የሚሠሩበትን መንገድ አሳይቶ ነበር፤ ወረቀት ግን ቶሎ ይቀደዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ዳይና ታይሚና የተባለች ላትቪያዊት የሒሳብ ሊቅ ያንኑ ገጽ በኪሮሽ ሠራችው፤ በየዙሩ በቋሚ ምጥጥን መጨመር ብቻ ነው። በእጅ የሚዳሰስ፣ ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ሃይፐርቦሊክ ገጽ ሆነ። የሥራዋን ፎቶግራፍ በኮምፒውተሬ ያየሁ ዕለት ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። የእናቴ የፎቶግራፍ ማስቀመጫ ነው። እኔ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቼ በጠመኔ ልሥለው ስታገል የኖርሁት ነገር ቡፌያችን ላይ አቧራ ለብሶ ነበር።

ያን ጊዜ ወደ እናቴ ሄጄ «አስተምሪኝ» ብላት ኖሮ ይህ ንግግር እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። አልሄድሁም። ሥራ በዛብኝ ብዬ ነው፤ ሁላችንም እንደምንለው። የሄድሁት እናቴ የመርሳት በሽታ እንዳለባት በ2012 ዓ.ም. በሐኪም ከተነገረን በኋላ ነው።

ዛሬ እናቴ ስሜን አትጠራም። አንዳንድ ጊዜ «እትዬ» ትለኛለች፤ ከሞተች ብዙ ዓመት የሆናትን ታላቅ እኅቷን መስዬአት ነው። ኪሮሹንና ክሩን እጇ ላይ ስናኖርላት ግን ጣቶቿ ይጀምራሉ። ክሩን በሌባ ጣቷ ላይ አንዴ ትጠመጥማለች፤ በትንሿ ጣቷ ታጠብቃለች፤ ቀለበቱ ከቀለበት ውስጥ ይወጣል፤ አንዱ ካንዱ አይበላለጥም። «እማዬ፣ ቀስ ብለሽ አሳዪኝ» ስላት ግን እጇ ይጠፋባታል፤ ኪሮሹን እንግዳ ዕቃ ይመስል ታየዋለች። ስለዚህ መጠየቅ ትቼ ከጎኗ እየተቀመጥሁ በዓይኔ መስረቅ ጀመርሁ። በሃምሳ ዓመቴ ያለ ማብራሪያ ተማሪ ሆንሁ ማለት ነው፤ ለመምህር ጥሩ ቅጣት ነው።

እጅ የሚያውቀውን አንደበት የማያውቀው ለምንድን ነው? የሥነ አእምሮ ተማሪዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሰው አለ። ሄንሪ ሞላይሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 የሚጥል በሽታውን ለመፈወስ ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል በቀዶ ሕክምና ከሁለቱም የአንጎሉ ጎኖች አብዛኛውን ሂፖካምፐስ አወጣለት። ከዚያ በኋላ አዲስ ክሥተት አእምሮው ውስጥ መያዝ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ ግን በመስተዋት ብቻ እያየ በሁለት መስመሮች መካከል ኮከብ እንዲሥል ሰጠችው። አስቸጋሪ ሥራ ነው፤ ቤታችሁ ሞክሩት። በሦስት ቀን ልምምድ እጁ እየሠለጠነ፣ ስሕተቱ እየቀነሰ ሄደ። በየቀኑ ግን ሥራውን ከዚያ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ነበር የሚናገረው። ይህ ጥናት የክሥተት ትዝታና የሙያ ትዝታ በአንጎል ውስጥ የተለያየ ቤት እንዳላቸው ካመለከቱት አንዱ ነው። እንደ እናቴ ባለ በሽታ ቀድሞ የሚጠቃው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ለዘለዓለም ይቆያል አላልሁም።

እዚህ ላይ ደርሼ መጻሕፍቱ የሚሉትና የእናቴ ነገር ተስማማ ብዬ ነበር። ካርቶኑን እስክከፍት ድረስ።

እናቴ ለረጅም ዓመታት የአልጋ ልብስ ስትሠራ ቆይታለች። የአልጋ ልብሱ ከብዙ ክብ ቁራጮች የሚገጣጠም ነው። እያንዳንዱ ክብ 12 ዙር አለው፤ የመጨረሻው ዙር 72 ቀለበት ይሆናል፤ በጠቅላላው 468። የተጠናቀቁትን እንዳይጠፉባት በሠራችበት ቅደም ተከተል በአንድ ክር ላይ እንደ ዶቃ ሰክታቸዋለች። 83 ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ስደረድራቸው የመጀመሪያዎቹ እንደ ሳንቲም ተኝተዋል። ወደ መጨረሻው ያሉት ግን አልተኙም፤ ጠርዛቸው ተነሥቷል። የመጨረሻው እንደ ሕፃን ቆብ ሆኗል።

አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጬ ቆጠርሁ። እስከ 58ኛው ድረስ ሁሉም 72 ናቸው። 59ኛው 71 ነው። ከዚያ ጥቂት ትክክለኛ ይመጣሉ፤ ከዚያ 70፣ ከዚያ 68፤ እንዲህ እያለ የመጨረሻው 54 ነው። መቼ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም 57ኛው ላይ ነጩ ክር አልቆባት ወደ ክሬም ቀለም ተሻግራለች፤ ክሬሙን ክር የገዛንላት በታናሽ ወንድሜ ሠርግ ሰሞን፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። ሐኪሙ ከመናገሩ ሦስት ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ ማናችንም ምንም አላየንም። እናቴ ሠርግ ደግሳ፣ ሁለት መቶ ሰው አብልታ፣ ማን ምን እንዳመጣ በቃሏ ታውቅ ነበር።

ቀለበቶቹን በማጉያ መነጽር አየኋቸው። የ83ኛውም ቀለበቶች እንደ መጀመሪያው የተስተካከሉ ናቸው፤ ውጥረታቸው አንድ ነው። የጠፋው ቁጥሩ ነው። ቀለበት መሥራት የእጅ ነው፤ «የት ደረስሁ? ጨምሬአለሁ ወይስ አልጨመርሁም?» የሚለው ግን የእጅ አይደለም፤ ለደቂቃዎች ያህል አእምሮ ውስጥ ተይዞ መቆየት ያለበት ነገር ነው። ለዓይን አንድ የሚመስለው ሥራ ሁለት ትዝታዎች ተጋምደውበት ኖሮ፣ አንዱ ሲላላ ሌላው ብቻውን ቀጥሏል። ከአንዲት ሴት ዳንቴል ተነሥቼ ስለ በሽታው ሕግ ማውጣት እንደማልችል አውቃለሁ፤ ተማሪ ቢያመጣልኝ ናሙናው አንድ ነው ብዬ እመልሰዋለሁ። ቢሆንም ሁለት ፓይ እንዲህ ሲያም አይቼ አላውቅም።

ስለ ዳቦው አጠር አድርጌ ልናገር። እኅቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እናቴ ገና ደህና ሳለች የድፎ ዳቦዋን አሠራር ጻፊልኝ ብላ ለመነችኝ። ሚዛን ገዛሁ። እማዬ ስትጨምር እኔ እመዝናለሁ። «ውኃው ስንት ነው?» ስላት «እስኪጠግብ» ትላለች። ሦስት ጊዜ መዘንሁ፤ ሦስቱም ጊዜ የውኃው መጠን ተለያየ። ተናደድሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ዱቄቱ ከተለያየ ወፍጮ የመጣ፣ እርጥበቱም የተለያየ ነበር። እኔ የሚገባውን እለካለሁ፤ እሷ የሚወጣውን፣ ማለት የሊጡን ልስላሴ በመዳፏ ትለካለች። ሦስቱም ዳቦ አንድ ዓይነት ነበር። እኅቴ የእኔን ግራም ይዛ ስትሞክር ሊጡ አልነሣ አላት። ለዚህ እንኳ መልስ ነበረኝ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን በቀላሉ ይነፋዋል። እዚያ ታች ጊዜ ይጠይቃል። ኮባ ቅጠልም የለም፤ የሙዝ ቅጠል ከበረዶ ማቀዝቀዣ እያወጣች ትጠቀማለች። ሽታው ያው አይደለም ትላለች፤ ልክ ናት።

ሽታው ቀላል ነገር አይደለም። ዓይንና ጆሮ የሚያመጡት መልእክት ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል አልፎ ነው ወደ ላይ የሚሄደው፤ የሽታ መንገድ ግን ያንን ሳይረግጥ ስሜትና ትዝታ ወደሚኖሩበት ሰፈር ይዘልቃል። ባለፈው ኅዳር ድፎውን እኔው ጋግሬ፣ ምጣዱን ከላይም ከታችም እሳት አድርጌበት፣ ኮባው መጠበስ ሲጀምር፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ያልተናገረች እናቴ ቀና ብላ «ቡሄ ደረሰ እንዴ?» አለችኝ። ቡሄ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። «አዎ እማዬ፣ ደርሷል» አልኋት። ከዚያ የሆያ ሆዬ ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ ሙልሙሉ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል አወራን።

የአልጋ ልብሱን ጨርሼዋለሁ። እኅቴ በስልክ የተቆለመሙትን ተርትሬ በ72 እንድሠራቸው መክራኝ ነበር፤ ክሩ ያው ክር ስለሆነ ይቻላል፤ ማንም አያውቅም። አልተረተርሁም። 83ቱንም በሠራችበት ቅደም ተከተል ገጣጠምኋቸው፤ የጎደሉትን 13 በራሴ እጅ ሠርቼ በመጨረሻው ረድፍ አደረግኋቸው። የእኔዎቹ ቁጥራቸው ልክ ነው፤ ቀለበታቸው ግን አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ነው። አልጋው ላይ ሲዘረጋ በግርጌ በኩል ያለው ጥግ አይተኛም፤ ጉብ ጉብ ይላል። እማዬ ጠዋት ጠዋት በመዳፏ ልታስተኛው ትሞክራለች።

ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ከአጠገቡ ያለው ድፎም የተጋገረው ዛሬ ጠዋት ነው። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።