ኦፒዮይዶች በልብ ቀዶ ሕክምና ሰመመን ወቅት በልብና በደም ዝውውር ላይ የሚያስከትሏቸው ለውጦች

ልቡ የደከመ ሕመምተኛ ለቀዶ ሕክምና ሲቀርብ ሰመመን ሰጪው ባለሙያ ሁለት ተቃራኒ ሥጋቶች ይጋረጡበታል። ሰመመኑ በቂ ካልሆነ የደረት አጥንት በሚከፈትበት ጊዜ የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራሉ፤ የልብ ጡንቻ የኦክስጅን ፍላጎትም ከፍ ይላል። በትንፋሽ የሚሰጠው ማደንዘዣ መጠን ሲጨመር ደግሞ የልብ ጡንቻ የመኮማተር ኃይል ይቀንሳል። ኦፒዮይዶች በዚህ የሕክምና ዘርፍ ሰፊ ቦታ ያገኙት ሕመምን በሚገባ እያስታገሡ የልብን ጡንቻ እምብዛም ስለማያዳክሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሎወንስታይንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት በኪሎግራም 1 ሚሊግራም ሞርፊን በደም ሥር ሲሰጥ የልብ ሥራ እንደማይዳከም አመለከቱ። ይሁን እንጂ ሞርፊን ሂስታሚን እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ የደም ግፊትም ይወርዳል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ፌንታኒል ቦታውን እየተካ የመጣበት ዋና ምክንያት ይህ ጉዳት የሌለው በመሆኑ ነው።

ፌንታኒልም ቢሆን የቬገስን ነርቭ በማነቃቃት የልብ ምትን ያዘገያል። የዚህ ለውጥ ጥቅምና ጉዳት እንደ ሕመሙ ዓይነት ይለያያል። በአገራችን በብዛት በሚታየው የሩማቲክ የልብ ሕመም ሳቢያ ሚትራል ቫልቩ ለጠበበ ሕመምተኛ የምቱ መዘግየት የግራው ታችኛ የልብ ክፍል በደም እንዲሞላ ጊዜ ይሰጣል። የአኦርታ ቫልቩ ደም ወደኋላ ለሚያፈስ ሕመምተኛ ግን የሚመለሰውን ደም ያበዛል። መዘግየቱ የደም ግፊትን ካወረደ አትሮፒን ይሰጣል። ከጡንቻ ማላሊያዎች ፓንኩሮኒየም ምቱን ሲያፈጥን ቬኩሮኒየም ግን መዘግየቱን አይከላከልም። ጡንቻ ማላሊያው ከዘገየ በኦፒዮይዱ ምክንያት የደረት ጡንቻዎች ሊገተሩና መተንፈስን ሊያግዱ ይችላሉ።

ኦፒዮይድ ብቻውን ንቃተ ኅሊናን ሙሉ በሙሉ ላያጠፋ ስለሚችል እንደ ሚዳዞላም ያለ መድኃኒት ይታከልበታል። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን የሲምፓቴቲክ ነርቮችን ግፊት ስለሚቀንሱ የደም ግፊት በድንገት ሊወርድ ይችላል። አደጋው የሚከፋው ግፊቱ በእነዚሁ ነርቮች ብርታት በቆመ ሕመምተኛ ላይ ነው።

ከፍተኛ መጠን መቀስቀስን ስለሚያዘገይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ መካከለኛ መጠን ከሌሎች ማደንዘዣዎች ጋር መስጠት ተለምዷል። የመተንፈሻ መሣሪያ በማይበቃበት ሆስፒታል ይህ ልማድ ለሚቀጥለው ሕመምተኛም ዕድል ይከፍታል። ስለሆነም ኦፒዮይዱን በዝግታና ከፋፍሎ መስጠት፣ አትሮፒንና የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት አስቀድሞ ማዘጋጀት ተገቢ ነው።