ፍላሽን ከገበያ ያስወጣው የእጅ ስልክ

አንድ ሸቀጥ በየቤቱ ከገባ በኋላ ገበያውን የሚነጥቀው ያለ አይመስልም። አዶቢ የተባለው የአሜሪካ የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ፍላሽ የተሰኘው ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኙ ኮምፒዩተሮች 99 በመቶ ላይ እንደሚገኝ ይናገር ነበር። በ2020 መጨረሻ ግን ያንኑ ፕሮግራም ከየኮምፒዩተራቸው እንዲያጠፉት ተጠቃሚዎችን የጠየቀው አዶቢ ራሱ ነው። በመሀል የገባው ነገር ከኪስ የማይወጣው ስማርት ስልክ ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ድረ ገጽ ማለት በአብዛኛው ጽሑፍና የቆመ ሥዕል ነበር። ድምፅና ተንቀሳቃሽ ምስል ለማየት የፈለገ ሰው በማሰሻው ላይ ሌላ ፕሮግራም መጫን ነበረበት። ሪልፕሌየር ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ከሁሉም የተሳካለት ግን ፍላሽ ነው። ማክሮሚዲያ በ1996 መጨረሻ ከአንድ አነስተኛ ኩባንያ ገዝቶ ያሳደገውን ይህን ፕሮግራም አዶቢ በ2005 ከነኩባንያው በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ግምት በአክሲዮን ልውውጥ ጠቀለለው። በዚያው ዓመት የተመሠረተው ዩቲዩብም ቪዲዮዎቹን የሚያሳየው በፍላሽ ነበር።

የገቢው መንገድ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ፋኖሱን በነፃ አድሎ ጋዙን እንደመሸጥ ነው፤ ማሳያው ለተመልካች በነፃ ይሰጣል፣ ሥራውን የሚያዘጋጁበት መሣሪያ ግን ለባለሙያዎችና ለድርጅቶች በውድ ይሸጣል። ፋኖሱ በየቤቱ እስካለ ድረስ የጋዙ ገበያ አስተማማኝ ነበር።

አፕል በ2007 አይፎንን ሲያወጣ ፍላሽን አላስገባም። በወቅቱ ብዙዎች ይህን እንደ ጊዜያዊ ጉድለት ቆጠሩት። ሆኖም የኩባንያው ኃላፊ ስቲቭ ጆብስ በሚያዝያ 2010 ባወጡት ግልጽ ደብዳቤ ፍላሽ በአፕል ስልኮች ላይ እንደማይገባ አስታወቁ። ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች ገዢውን በቀጥታ የሚነካው የባትሪው ነው። ቪዲዮን በስልኩ ቺፕ ውስጥ በተሠራ ክፍል መፍታትና በሶፍትዌር ብቻ መፍታት የሚፈጁት ኃይል ይለያያል፤ በደብዳቤው መሠረት በአይፎን የመጀመሪያው እስከ 10 ሰዓት ሲያስኬድ ሁለተኛው ከ5 ሰዓት በታች ባትሪውን ይጨርሳል። ከግድግዳ መብራት ለሚጎርሰው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይህ ጉዳይ አልነበረም። ሌላው የጣት ነገር ነው። ብዙዎቹ የፍላሽ ገጾች የተሠሩት ለማውስ ስለነበር፣ ቀስቱ ሳይጫን ሲያንዣብብ ብቻ የሚከፈቱ ዝርዝሮች ነበሯቸው። ጣት ግን ወይ ይነካል ወይ አይነካም፤ ማንዣበብ አያውቅም።

ደብዳቤው ምክንያቱ እንዳልሆነ የገለጸው የኬላ ጉዳይም ነበር። አፕል በ2008 በከፈተው የፕሮግራሞች መደብር ከሚሸጠው 30 በመቶ ይወስድ ነበር። በፍላሽ የተሠራ ጨዋታ ግን በማሰሻ በኩል ስለሚገባ ኬላውን ሳይረግጥ ያልፍ ነበር። አፕል ስለ ባትሪ ያለው እውነት ቢሆንም፣ ቀረጥ የሚሰበስብ ሰው ጎን ለጎን ነፃ መንገድ እንዲሠራ ይፈቅዳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነበር።

ተፎካካሪዎች ክፍተቱን ለማትረፊያ ሞከሩት። ጉግል በ2010 አንድሮይድ 2.2ን ሲያወጣ ፍላሽ መቀበሉን እንደ ብልጫ አስተዋወቀ። ነገር ግን በእነዚያ ስልኮችም ፍላሽ ከባድና ዘገምተኛ መሆኑ ታየ። አዶቢ በኅዳር 2011 750 ያህል የሥራ መደቦችን እንደሚቀንስ ባስታወቀ በማግሥቱ ለእጅ ስልክ ማሰሻ የሚሆን ፍላሽ መሥራቱን እንደሚያቆም ተናገረ። ከዚያ በኋላ የኮምፒዩተሩ ፍላሽ ዕድሜ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ሆነ። ደንበኛው ግማሽ ጊዜውን በስልክ የሚያሳልፍ ድርጅት አንዱን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ የሚያሠራበት ምክንያት የለውም፤ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም በሁለቱም የሚሠራው ኤችቲኤምኤል5 ተመረጠ። ዩቲዩብም በጥር 2015 ዋና ማሳያው አደረገው።

ኪሳራው እኩል አልተከፋፈለም። የፋርምቪል ጨዋታ ባለቤት ዚንጋ በታኅሣሥ 2011 አክሲዮኑን በ10 ዶላር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ገቢው የተንጠለጠለው በፌስቡክና በኮምፒዩተር በሚጫወቱ ሰዎች ላይ ነበር። ተጫዋቹ ወደ ስልክ ሲዞር ዚንጋ አልደረሰበትም፤ በ2012 መጨረሻ አክሲዮኑ ከ3 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። በአንጻሩ አዶቢ ማሳያውን ቢያጣም ጋዙ በእጁ ቀረ። በ2013 ፎቶሾፕንና መሰሎቹን በየወሩ በሚከፈል ኪራይ ብቻ ለማቅረብ ወሰነ፤ የፍላሽ ማዘጋጃውንም በ2016 ስሙን አኒሜት ብሎ ለኤችቲኤምኤል5 ሥራ አዋለው። የማይክሮሶፍቱ ሲልቨርላይት ከ2007 ጀምሮ ፍላሽን ሊፎካከር ተነስቶ ነበር፤ እርሱም በጥቅምት 2021 ድጋፉ ተቋርጧል።

የጨነቃቸው በአሮጌው ላይ ብዙ ሥራ የገነቡ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ፍላሽ በጥር 2021 በየኮምፒዩተሩ መሥራት ሲያቆም፣ የደቡብ አፍሪካ የግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ወደ አዲሱ ያላዛወራቸው የማስታወቂያ ቅጾች ነበሩት። መዝጊያው ከሦስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2017፣ የተነገረ ቢሆንም መሥሪያ ቤቱ ግብር ከፋዮች እነዚያን ቅጾች እንዲሞሉ ሲል ፍላሽን የሚቀበል የራሱን ማሰሻ ሠርቶ ለማደል ተገደደ።